በሕግ የሚወሰድ መሬት፣ በሕግ የሚከለከል ዘር፦ የገበሬዎችና የገጠር ሠራተኞች ሰብዓዊ መብት

ሰው ጦሙን ሲያድር ችግር ነው፤ መሬት ጦሙን ሲያድር ግን ዕረፍት ላይ ነው። ገበሬ ማሳውን ለአንድ ወይም ለሁለት ወቅት ሳያርስ የሚተወው አፈሩ ኃይሉን እንዲመልስ፣ በመካከሉም የሚበቅለው ሣር ለከብት እንዲሆን ነው። መሬት መዝጋቢው ያንኑ ማሳ ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ወይም በአንድ ቀን ጉብኝት ሲያየው ግን «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ብሎ ይጽፈዋል። ይህ ቃል ከመዝገብ ወደ ካርታ፣ ከካርታ ወደ ኢንቨስትመንት ዝርዝር፣ ከዝርዝሩም ወደ ረጅም ዘመን የኪራይ ውል ይሻገርና ገበሬው ነገሩን የሚያውቀው ትራክተር ማሳው ዳር ሲቆም ይሆናል። በዚህ ሁሉ ሂደት ሕግ የጣሰ አንድም ሰው ላይኖር ይችላል፤ መዝጋቢው መመሪያውን ተከትሏል፣ ባለሥልጣኑ በተሰጠው ሥልጣን ፈርሟል፣ ባለሀብቱም ኪራዩን ከፍሏል። የጠፋው የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ብቻ ነው።

ስለ ገበሬዎች መብት ሲነሣ ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው ጠመንጃና እስር ነው፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1996 በብራዚል ፓራ ግዛት፣ ኤልዶራዶ ዶስ ካራዣስ በተባለ ስፍራ፣ መሬት እንዲሰጣቸው በሰልፍ ሲጓዙ የነበሩ መሬት አልባ ገበሬዎች ላይ ወታደራዊ ፖሊስ ተኩስ ከፍቶ 19 ሰዎች ተገድለዋል፤ ቀኑም ዓለም አቀፍ የገበሬዎች ትግል ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በገጠር ከሚደርሰው የመብት ጥሰት አብዛኛው ደም የማይፈስበት፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ነው ብዬ አምናለሁ። መሬቱ በሕግ ይወሰዳል፣ ዘሩ በሕግ ይከለከላል፣ የቀን ሠራተኛውም በሕግ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ውጭ ይደረጋል። የገበሬዎች ሰብዓዊ መብት ራሱን የቻለ ሰነድ ያስፈለገውም ሕግ ይከበር ማለት ብቻውን እንዲህ ያለውን በደል ስለማይፈታ ነው።

ያ ሰነድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ታኅሣሥ 17 ቀን 2018 ያጸደቀው፣ የገበሬዎችንና በገጠር የሚሠሩ ሌሎች ሰዎችን መብቶች የሚመለከተው መግለጫ ነው። 121 አገሮች ደገፉት፣ 8 ተቃወሙት፣ 54 ደግሞ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሐሳቡ የተጠነሰሰው በዲፕሎማቶች ጠረጴዛ ሳይሆን በገበሬዎች ማኅበራት ውስጥ ነበር። በ1993 የተመሠረተውና በስፓኒሽ «የገበሬ መንገድ» የሚል ትርጉም ያለው ላ ቪያ ካምፔሲና የተባለው ዓለም አቀፍ ንቅናቄ የራሱን ረቂቅ ለዓመታት ሲያዘጋጅ ቆይቶ በ2008 እና በ2009 አጸደቀ። ከዚያም የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት በ2012 የመንግሥታት የሥራ ቡድን አቋቋመ፤ ድርድሩንም ቦሊቪያ መራችው። ገበሬዎቹ ራሳቸው ጄኔቭ ድረስ ሄደው አንቀጽ በአንቀጽ ተከራክረዋል። ሰነዱ የመሬትን፣ የዘርን፣ የውኃንና የጉልበትን ጉዳይ እንደ ኢኮኖሚ ዘርፍ ሳይሆን እንደ አንድ ሰው ሕይወት አያይዞ የሚያነበው ከዚህ መነሻው የተነሣ ይመስለኛል።

መግለጫው ገበሬ የሚለው ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ፣ ለቤቱም ይሁን ለገበያ፣ በአነስተኛ ደረጃ የሚያመርተውን፣ በአመዛኙ በቤተሰብ ጉልበትና በገንዘብ በማይከፈል መረዳዳት የሚሠራውን፣ ከመሬቱም ጋር ልዩ ቁርኝት ያለውን ሰው ነው። ከዚያም አርብቶ አደሩን፣ ዓሣ አስጋሪውን፣ ከጫካ የሚለቅመውን፣ መሬት የሌለውን፣ በሰፋፊ እርሻዎች የሚቀጠረውን ወቅታዊና ስደተኛ ሠራተኛ ይጨምራል። ይህን ሁሉ በአንድ ቃል መጥራት ለብዙ ቋንቋዎች አስቸጋሪ ሆኗል። በአማርኛ አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ሠርቶ አደር ስንል ግን ሁሉንም የምታስተሳስረው «አደር» የምትለዋ ቃል ናት፤ አርሶም ሆነ አርብቶ፣ በገዛ እጁ ሥራ የዕለት ኑሮውን የሚገፋ ማለት ነው። የመግለጫው ጭብጥም ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ መሬቱ ወይም ዘሩ ሲወሰድበት አዳሩ አብሮ የሚወሰድበት ሰው ነው የተጠበቀው።

የዚህን ሰው ብዛት ለማሳየት ብዙ ጊዜ አነስተኛ ገበሬዎች የዓለምን ምግብ 80 በመቶ ያመርታሉ ይባላል። ቁጥሩ የተሰላው ትንሽም ሆኑ ትልቅ ለቤተሰብ እርሻዎች በሙሉ ስለሆነ ለአነስተኛ ገበሬ መጥቀሱ ስሕተት ነው። በ2021 የታተመ የዘርፉ ተመራማሪዎች ጥናት እንደሚያሳየው በዓለም ላይ ከ600 ሚሊዮን በላይ እርሻዎች ሲኖሩ 84 በመቶ ያህሉ ከ2 ሄክታር ያነሱ ናቸው፤ እነዚህም ከእርሻ መሬቱ 12 በመቶ ገደማውን ብቻ ይዘው 35 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ምግብ ያመርታሉ። ይህም ቢሆን በጣም ብዙ ነው። ደግሞም የሰው መብት በሚያመርተው መጠን የሚለካ ባለመሆኑ ቁጥሩን ማጋነን ለተከራካሪው ምንም አይጨምርለትም።

የመሬት መብት በመግለጫው አንቀጽ 17 ተቀምጧል። አንቀጹ መሬትን በግል ወይም በጋራ የማግኘት፣ የመጠቀምና የማስተዳደር መብትን ከውኃው፣ ከግጦሹና ከደኑ ጋር አያይዞ ያውጃል። በልማድ የተያዘ ይዞታና የወል መሬት በሕግ እንዲታወቅ፣ ገበሬውም በዘፈቀደ እንዳይፈናቀል ይጠይቃል። የዚህን ክብደት ለመረዳት ከ1948ቱ ዓለም አቀፍ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ያ ሰነድ ማንም ሰው ንብረቱን በዘፈቀደ እንዳይነጠቅ ይከላከላል። ንብረት ለመባል ግን ብዙ ጊዜ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ወረቀት የሌለው ሰው ደግሞ አያቱ ያረሱትን ማሳ ሲነጠቅ በሕግ ዓይን የተነጠቀው ነገር የለም። በብዙ አገሮች የቅኝ ግዛት ሕጎች ያልተመዘገበን መሬት ሁሉ የመንግሥት አድርገው ደንግገዋል፤ ከነፃነት በኋላ የመጡ መንግሥታትም ብዙዎቹ ይህን ውርስ ሳይቀይሩ ተጠቅመውበታል።

ከ2007 እስከ 2008 የምግብ ዋጋ በዓለም ላይ በድንገት ሲያሻቅብ ይህ ክፍተት በገሃድ ታየ። እህል ከውጭ የሚያስገቡ አገሮችና ትርፍ የሸተታቸው ኩባንያዎች በአንድ ጊዜ ወደ መሬት ዞሩ። በ2008 አንድ የደቡብ ኮሪያ ኩባንያ በማዳጋስካር 1.3 ሚሊዮን ሄክታር ለ99 ዓመት ለመከራየት ተስማምቷል መባሉ ያስነሣው ቁጣ በማግስቱ ዓመት ለመንግሥት መውደቅ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር፤ ውሉም ተሰረዘ። ከዚያ በኋላ የዓለም የምግብ ዋስትና ኮሚቴ በ2012 የመሬት፣ የዓሣ ሀብትና የደን ይዞታ አስተዳደርን የሚመለከቱ በፈቃደኝነት የሚተገበሩ መመሪያዎችን አጸደቀ። መመሪያዎቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን የሚናገሩት በዋናነት ለአስተዳዳሪው ነው። የ2018ቱ መግለጫ ይህንኑ ጉዳይ የባለመብቱ ጥያቄ አድርጎ አቀረበው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የገበሬውን መብት ማስከበር ማለት ለእያንዳንዱ ማሳ የባለቤትነት ደብተር ማደል ነው የሚለው አመለካከት ሰፊ ተቀባይነት አለው። ደብተር በእርግጥ ከዘፈቀደ ንጥቂያ ሊያስጥል ይችላል። ሆኖም ደብተሩ ለባንክ መያዣ ሲሆን በአንድ የድርቅ ዓመት ዕዳ መሬቱ ሊሄድ ይችላል፤ የግጦሽ መሬት በግል ሲሸነሸን አርብቶ አደሩ የሚተላለፍበት መንገድ ይዘጋል፤ የምዝገባው ቀን በስፍራው ያልነበረች መበለትም ወንድሞቿ በስማቸው አስጽፈው ታገኛቸዋለች። አንቀጽ 17 የግልም የወልም ይዞታ ብሎ ሁለቱን እኩል ያቆመው ይህን ልምድ ይዞ ነው።

ከመሬቱ ይበልጥ ድርድሩን ያከረረው የዘር ጉዳይ ነበር። አንቀጽ 19 ገበሬዎች ከራሳቸው ምርት ያስቀሩትን ዘር የማስቀመጥ፣ የመዝራት፣ የመለዋወጥና የመሸጥ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ለአብዛኛው ገበሬ ይህ ማወጅ የሚያስፈልገው ነገር አይመስልም፤ ዘር ከጎረቤት መዋስና በሚቀጥለው መኸር መመለስ እርሻ የሚሉት ነገር ከተጀመረ አንሥቶ የነበረ ነው። የተቀየረው ሕጉ ነው። አዲስ የዕፅዋት ዝርያ ለሚያወጡ አዳቃዮች መብት የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1961 ሲፈረም የአዳቃዩ መብት በአመዛኙ ዘሩን ለንግድ በማባዛትና በመሸጥ ላይ የተወሰነ ነበር። በ1991 በተሻሻለው ስምምነት ግን መብቱ ሰፋ። ገበሬው ከተጠበቀ ዝርያ ዘር አስቀርቶ በራሱ ማሳ መልሶ መዝራት የሚችለው አገሩ ይህን እንዲፈቅድ ከመረጠ፣ ያውም «ምክንያታዊ በሆነ ገደብ» ብቻ ነው። ለጎረቤት መስጠትና መሸጥ ከፈቃዱ ውጭ ናቸው። በርካታ አገሮች ወደዚህ ስምምነት የገቡት የገበሬዎቻቸውን ፍላጎት መዝነው ሳይሆን ከኃያላን ጋር የሚዋዋሉት የንግድ ስምምነት ቅድመ ሁኔታ ስላደረገባቸው ነው።

ሌላው በር የዘር የምስክር ወረቀት ሕግ ነው። አንድ ዝርያ ተመዝግቦ በሕጋዊ መንገድ እንዲሸጥ ከሌሎች የተለየ፣ በውስጡ ወጥ የሆነ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድም የማይለዋወጥ መሆን እንዳለበት ብዙ ሕጎች ይደነግጋሉ። የገበሬ ዝርያ ግን በተፈጥሮው ወጥ አይደለም፤ በአንድ ማሳ ውስጥ ቀድሞ የሚደርስና ዘግይቶ የሚደርስ፣ ዋግ የሚችልና ድርቅ የሚችል አብሮ ይበቅላል። ዝናብ ባጠረ ዓመት ቤተሰቡን የሚያተርፈው ይኸው ድብልቅነት ነው። መዝጋቢው እንደ ጉድለት የሚያየው ለገበሬው መድኅኑ ነው። በዚህም ምክንያት ትውልዶች መርጠው ያቆዩት ዘር ከመዝገብ ውጭ ይቀራል፤ በገበያ ቀን በቁና መሸጡም ሕገወጥ ንግድ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የተለየ ሕግ ማውጣት እንደሚቻል ሕንድ አሳይታለች። በ2001 ያወጣችው የዕፅዋት ዝርያዎችና የገበሬዎች መብት ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 39 ገበሬው የተጠበቀን ዝርያ ዘር ጭምር ማስቀመጥ፣ መዝራት፣ መለዋወጥና መሸጥ እንደሚችል ይደነግጋል፤ የተከለከለው በንግድ ምልክት አሽጎ መሸጥ ብቻ ነው። ይህ ድንጋጌ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በ2019 በጉጃራት ታየ። አንድ ዓለም አቀፍ የምግብ ኩባንያ መብቱ የኔ ነው የሚለውን የድንች ዝርያ አምርታችኋል በማለት ገበሬዎችን ከሰሰ፤ ከተከሳሾቹም ከአራቱ ከእያንዳንዳቸው ከ10 ሚሊዮን ሩፒ በላይ ካሣ ጠየቀ። ገበሬዎቹ ሕጉን ጠቅሰው ቆሙ፣ ተቃውሞው አገር አዳረሰ፣ ኩባንያውም ክሱን አነሣ። አንቀጹ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ሰዎች ምን ይዘው ይከራከሩ እንደነበር ማሰብ ይከብዳል። በሆንዱራስም በ2012 የወጣውን የዝርያ ጥበቃ ሕግ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሽሮታል።

የገጠር ሠራተኛው ታሪክ ደግሞ የመገለል ታሪክ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት የእርሻ ሠራተኞች እንደ ኢንዱስትሪ ሠራተኞች ሁሉ የመደራጀት መብት እንዲኖራቸው ስምምነት ያወጣው ገና በ1921 ነበር። ሆኖም በዓለም ሀብታም በሆነችው አገር፣ በአሜሪካ፣ የሠራተኞችን የመደራጀትና በኅብረት የመደራደር መብት የሚጠብቀው የ1935ቱ ሕግ የእርሻ ሠራተኞችን በግልጽ ከጥበቃው አስወጣቸው። አነስተኛ ደመወዝን የወሰነው የ1938ቱ ሕግም አስወጣቸው፤ ከፊሎቹ የአነስተኛ ደመወዙ ተጠቃሚ የሆኑት በ1966 ማሻሻያ ነው። በፌዴራሉ ሕግ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ዛሬም አይመለከታቸውም። በዚያ ዘመን በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ከእርሻ ሠራተኞች ብዙዎቹ ጥቁሮች እንደነበሩ ስናስታውስ፣ በሕጉ ውስጥ የገባው አንድ የትርጉም ሐረግ የስንት ሰው ሕይወት እንደወሰነ ግልጽ ይሆናል።

ዛሬም በብዙ አገሮች የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የተጻፈው በፋብሪካ በር ገብቶ ለሚወጣ ሰው ነው። የእርሻ ሠራተኛ በለቀመው ኪሎ ይከፈለዋል፣ ሥራው በወቅት ይጀምርና በወቅት ያልቃል፣ የሚቀጠረው በደላላ ስለሆነ አሠሪው ማን እንደሆነ እንኳ ላያውቅ ይችላል። የሚያድርበት ቤት የአሠሪው ከሆነ ደግሞ ቅሬታ ማቅረብ ከሥራም ከማደሪያም መባረር ነው። የሥራ ተቆጣጣሪ ወደ ራቀ እርሻ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ነው። የፀረ ተባይ መርዝ ጉዳይ ብቻውን የዚህን ክብደት ያሳያል፤ በ2020 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በየዓመቱ 385 ሚሊዮን ያህል ሳይታሰብ የሚደርሱ አጣዳፊ መመረዞች እንደሚኖሩ ገምቷል። መግለጫው በአንቀጽ 14 ሠራተኛው አደገኛ ኬሚካል ያለመጠቀምና ለእርሱ ያለመጋለጥ መብት እንዳለው የሚናገረው ለዚህ ነው። በእርሻ ውስጥ ደኅንነትና ጤንነትን የሚመለከተው የ2001 ዓለም አቀፍ የሥራ ስምምነት ግን ያጸደቁት አገሮች እስካሁን ጥቂት ናቸው። የሕፃናት ጉልበት ሥራም በዋናነት የገጠር ጉዳይ ነው፤ ለ2024 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት ከሚሠሩት 138 ሚሊዮን ሕፃናት 61 በመቶው የሚሠሩት በእርሻ ነው።

መግለጫው ገበሬውንና የቀን ሠራተኛውን በአንድ ሰነድ ማቀፉ ጥንካሬው ቢሆንም፣ ስለ ጉዳዩ የሚቆረቆሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያልፉትን ችግር ይዞ መጥቷል። በአጨዳ ወቅት ያንን መሬት አልባ ሠራተኛ የሚቀጥረው ብዙ ጊዜ ራሱ አነስተኛው ገበሬ ነው። አንቀጽ 16 ለገበሬው በቂ ገቢና ፍትሐዊ ገበያ፣ ለሠራተኛውም ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ይጠይቃል። ገበሬው ምርቱን ከወጪው በታች እየሸጠ ለሠራተኛው በቂ መክፈል አይችልም፤ የሠራተኛው መብት ደግሞ የገበሬው ገበያ እስኪስተካከል ሊጠብቅ አይገባውም። ነጋዴውና አቀነባባሪው በምርቱ ዋጋ ላይ ያላቸው የበላይነት እስካልተነካ ድረስ ሁለቱ ድኾች እርስ በርስ መጣላታቸው አይቀርም። ተመሳሳይ ግጭት በቤት ውስጥም አለ። ሴቶች የእርሻውን ሥራ ትልቅ ድርሻ ተሸክመው፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ከባለ ይዞታዎች 15 በመቶ እንኳ አይሞሉም። የገጠር ሴቶች መብት በ1979ኙ የሴቶች መብት ስምምነት አንቀጽ 14 አስገዳጅ ሕግ ከሆነ ቆይቷል፤ የቤተሰብ መሬት ተብሎ በባል ስም የሚጻፍ ይዞታን ማስተካከል ያቃተው በሕግ እጥረት አይደለም።

መግለጫውን የተቃወሙት አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ስዊድን፣ ሀንጋሪ፣ እስራኤልና ጓቲማላ ናቸው። ከተቃውሞው ወገን የተሰማው ዋና ክርክር ሰብዓዊ መብት የሰው ሁሉ ስለሆነ ለአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ለይቶ መጻፍ አያስፈልግም፣ የጋራ መብት የሚባልም የለም የሚል ነው። ክርክሩን ንቆ ማለፍ አይገባም፤ መብት በሙያ ከተከፋፈለ የት ላይ እንደሚቆም መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕፃናት፣ ሴቶች፣ አካል ጉዳተኞችና ስደተኛ ሠራተኞች የየራሳቸው ስምምነት ያገኙት ሰው መሆናቸው ተክዶ ሳይሆን አጠቃላዩ ሕግ የእነርሱን ልዩ ሁኔታ ስላላየው ነበር። የቀደምት ሕዝቦች መብት መግለጫ በ2007 ሲጸድቅም አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ ተቃውመውት ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አራቱም ሐሳባቸውን ቀይረው ደገፉት። በ2018 ድምፀ ተአቅቦ ያደረገችው ኮሎምቢያም በ2023 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ገበሬዎች ልዩ ጥበቃ የሚገባቸው መሆናቸውን አውቃለች።

መግለጫ እንደ ስምምነት አስገዳጅ አይደለም። ሆኖም ዳኛ ሕግ ሲተረጉም፣ ምክር ቤት ረቂቅ ሲመረምር፣ ማኅበር አቤቱታ ሲጽፍ ሊጠቅሰው ይችላል። በጥቅምት 2023 ደግሞ የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት አፈጻጸሙን የሚከታተል፣ አምስት ገለልተኛ ባለሙያዎች ያሉበት የሥራ ቡድን በመጀመሪያ ለሦስት ዓመት አቋቁሟል። ከሁሉ በላይ ግን ክብደት የምሰጠው ለአንቀጽ 2 ነው። መንግሥታት ሕግና ፖሊሲ ከማውጣታቸው በፊት ገበሬዎችን በወኪሎቻቸው በኩል በቅን ልቦና እንዲያማክሩ፣ ይህንንም ሲያደርጉ በወገኖች መካከል ያለውን የኃይል አለመመጣጠን ከግምት እንዲያስገቡ ያዝዛል። የሕንድ መንግሥት በመስከረም 2020 ሦስት የእርሻ ገበያ ሕጎችን ከገበሬ ማኅበራት ጋር ሳይመክር በጥድፊያ አወጣ፤ በዴልሂ መግቢያዎች ከአንድ ዓመት በላይ የሰፈሩት ገበሬዎች ሳይነሡ ቆይተው በኅዳር 2021 ሕጎቹ ተሻሩ። በሕጎቹ ይዘት ላይ የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ ባለጉዳዩን ሳይጠይቁ ማውጣት ያስከተለው ዋጋ ግን አከራካሪ አይደለም።

ምክክር የሚለው ቃልም ራሱ መመርመር አለበት። የቀደምት ሕዝቦች መግለጫ በነፃነት፣ አስቀድሞና መረጃ ኖሮት የሚሰጥ ፈቃድን ይጠይቃል፤ ሕዝቡ እምቢ ቢል እምቢታው ክብደት አለው። የገበሬዎቹ መግለጫ ግን እስከ ፈቃድ አልሄደም፣ በምክክርና በተሳትፎ ቆሟል። በድርድሩ ከተከፈሉት ዋጋዎች ትልቁ ይህ ይመስለኛል። በእርሻ ወቅት መካከል የተጠራ ስብሰባ፣ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ የተጻፈ ረቂቅ፣ የተገኙትን ሰዎች ፊርማ ሰብስቦ የሚበተን ውይይት፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ምክክር ተብለው ሊመዘገቡ ይችላሉ። ስለዚህ አንቀጽ 2ን ወደ አገር ሕግ የሚመልስ ሰው ረቂቁ ከስንት ወር በፊት፣ በምን ቋንቋ፣ ለማን እንደሚደርስ፣ ገበሬዎቹ ያቀረቡት ተቃውሞ መልስ ካላገኘም የትኛው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሊያግድ እንደሚችል በቁጥርና በስም መጻፍ ይኖርበታል።